የሳፋው አረንጓዴ

አባቴ ቀለም ይፈትነኝ ነበር።

ፈተናው የሚካሄደው መንገድ ዳር ባለችው ክፍላችን፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ፎጣ ይነጠፋል። ፎጣው ላይ አንዲት የብረት መጫወቻ መኪና ትቀመጣለች፤ ከመሐል ጣቴ ብዙም የማትረዝም፣ ብዙ ጊዜ እናቴ ሳትወለድ የተሠራች። አባቴ ያነሣትና መጀመሪያ በመዳፉ ይመዝናታል። ከዚያ ገልብጦ ሆዷን ይዳስሳል። እዚያ ሁለት ሪቬቶች አሉ፤ የላይኛውን ቦዲ ከታችኛው ብረት ጋር የያዙ፣ አናታቸው የተጠፈጠፈ ትንንሽ ምስማሮች። ሰው ፈቷት ከሆነ በእነሱ ያውቃል። በመጨረሻ የአውራ ጣቱን ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ ቀስ አድርጎ ያስኬዳል። ፋብሪካው ቀለም የሚቀባው ሁለቱ ብረቶች ሳይጋጠሙ ስለሆነ ስንጥቁ ውስጥ ቀለም አይገባም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ አሮጌ መኪና ያደሰ ሰው ግን ስንጥቁን በቀለም ይደፍነዋል። የአባቴ ጥፍር እዚያ ላይ ከተደናቀፈ «ይቺ ልብስ ቀይራለች» ይላል። ልብስ የቀየረች መኪና ብርቅ መጫወቻ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ የዋጋዋን ግማሽ ግማሽም አታወጣም።

ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚዞረው።

«እስቲ ሚጣ፣ ቀለሟን በይ።»

«ቀይ» ብቻ ማለት አይፈቀድም። መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያ ስለው ሳቀብኝና፣ ቀይማ ስንት ዘመድ አለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ንገሪኝ አለኝ። ስለዚህ ቀለሞቹን በቤታችን ዕቃ ስም ጠራናቸው። የጡቡ ቀይ አለ፣ የእናቴ ሹራብ ቀይ አለ። የሳሙናው ቢጫ፣ የብርድ ልብሱ ቢጫ፣ የኩሽናው በር ሰማያዊ። አረንጓዴ ሁለት ነበር፤ አንዱ ግቢያችን ውስጥ ያለው የሎሚ ዛፍ ቅጠል፣ ሌላው በየጠዋቱ ፊታችንን የምንታጠብበት ሳፋ።

የሳፋው አረንጓዴ ከሁሉም ይለያል። አንዲት የጭነት መኪና አለች፤ አብዛኞቹ እህቶቿ ቀይ ናቸው፣ ዘግይተው የወጡት ደግሞ የሎሚ ቅጠል የመሰሉ። ፋብሪካው ሥራ በጀመረ ሰሞን ግን፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ አመድ የነካው የሚመስል ደብዛዛ አረንጓዴ ተቀብተው የወጡ አሉ። አባቴ በሥዕል እንጂ በእጁ ይዟት አያውቅም። ቀለሟ ቁርጥ የሳፋችን ነው ይል ነበር። «የሳፋውን አረንጓዴ ያየሽ ቀን አንደኛ ወጣሽ ማለት ነው።»

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስተማሪ የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው፤ አባቴም መልሱን በሆዱ ይዞ የሚጠይቀኝ ነበር የሚመስለኝ። ስመልስ ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ያዳምጠኛል። ከዚያ «ጎበዝ» ይላል። ለዚያች «ጎበዝ» ስል ትምህርት ቤት እንኳ እንደዚያ አላጠናሁም። መኪና ሊያስገምቱ የሚመጡት ደንበኞቹ ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ልጁን ሥራ እያስለመዳት ነው፣ እንዲህ ነው አባት ማለት፣ እያሉ ይሄዳሉ።

አሁን አባቴ ያኔ የነበረበትን ዕድሜ አልፌአለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገረው። በዚያን ጊዜ አባቴ ቀለም ማየት ካቆመ ዓመት አልፎት ነበር። ቀኝ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል። በግራው ብርሃንና ጥላ፣ የሰው ቁመት፣ የመስኮቱን አራት ማዕዘን ይለያል። ከዚያ በፊት ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበር፤ የተጋጨ መኪና ሲመጣ የድሮውን ቀለም በዓይኑ ብቻ ገምቶ የሚያዋህድ። እኔ ጋራዡን የተወው ትልልቅ መኪና ሰልችቶት ይመስለኝ ነበር፤ ለክፍል ጓደኞቼም እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ። የአንድ መኪና ሁለት በሮችን በሁለት ዓይነት ነጭ ቀብቶ እንዳስረከበ፣ የጋራዡ ባለቤትም ሰው ፊት ሳያዋርደው በትህትና እንዳሰናበተው የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

የቀረው እጁና ቃሉ ነበር። መጫወቻ መኪኖቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰብስቧል፤ ፋብሪካዎቹን፣ ዘመኑን፣ የጎማውን ዓይነት በቃሉ ይዞታል። ሰብሳቢዎች ከመግዛታቸው በፊት፣ ወራሾች ከመሸጣቸው በፊት እሱ ዘንድ ይመጣሉ። አባቴ ይህቺ እውነተኛ ናት፣ ይህን ያህል ታወጣለች ካለ ማንም አይከራከርም። የምንበላው ከዚያች ቃል ነበር። ገማቹ አያይም ከተባለ ደግሞ አበቃ፤ ያን ምሥጢር የሚያውቁት እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ።

እኔም ምሥጢር እንዳለ አውቄአለሁ፤ ያላወቅኩት ምን እንደሆነ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለቱ ከሆነ ቦታ ተመልሰው ኩሽና ውስጥ ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር። አባቴ፣ ቀኙ አልቋል፣ ግራው ግን ጥቂት ይቆያል አላት። እናቴ ለልጅቷ እንንገራት ስትለው፣ አሁን አይሆንም፣ ትንሽ ትደሰት አለ። እኔ ጠረጴዛው ሁለት መሳቢያ እንዳለው አስታወስኩ። ሮጬ ሄጄ ቀኙን ብከፍተው በመኪና ጢም ብሏል። ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው? ብቻ ለእኔ የማይነገረኝ ነገር ሽልማት መሆኑን ልቤ ነገረኝ። ፈተናውን ስጨርስ የሚሰጠኝ ትልቅ ሽልማት። ግራው መሳቢያ ውስጥ ደብቀውታል ብዬ ለሳምንታት ስበረብረው ከረምኩ።

ከደንበኞቹ ሁሉ የማልወደው ባለ ሻንጣውን ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ አንዲት ቡናማ ሻንጣ ይዞ የሚዞር የመጫወቻ መኪና ነጋዴ ነው። ሻንጣው ውስጥ ስፖንጅ አለ፤ ስፖንጁ ላይ ለእያንዳንዷ መኪና በልኳ የተቆረጠ ጎድጓዳ መኝታ። ከአባቴ ጋር ከጉርምስና ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ ሲገናኙ በመጀመሪያ ይሰዳደባሉ። ባለ ሻንጣው በዋጋ ሲከራከር ጥርሱን እንደሚነቅሉት ያቃስታል። እኔን ደግሞ «ኢንስፔክተር» ነው የሚለኝ። «ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ማን ወደቀ?» ይልና በራሱ ቀልድ ይስቃል። አንድ ቀን ይቺ ልጅ ከወንበርህ ታስነሣሃለች ሲለው አባቴ አልሳቀም። እኔም ቅር አለኝ። አባቴን ከወንበሩ የማስነሣበት ምክንያት አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ልብስ ስታጥብ ሳፋው ተሰነጠቀ። በማግሥቱ ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ስፋት ሌላ ፕላስቲክ ሳፋ ገዝታ መጣች፤ እሱም አረንጓዴ። አሮጌው ደብዛዛ ነበር፣ አዲሱ ግን እንደ ቅጠል ያበራል። የተሰነጠቀው ከግቢው ወጥቶ ተጣለ፤ አዲሱ በቦታው ተቀመጠ፤ ቤት ውስጥ ስለ ሳፋ የተነገረ ነገር የለም። ለሚያይ ሰው ሳፋ ተቀየረ ብሎ የሚያወራ ማን አለ? እናቴ እንኳ፣ እሱ እንደማያይ የምታውቀው እናቴ እንኳ፣ ስለ አንድ ፊት መታጠቢያ ልንገረው አላለችም።

አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ የመጡት ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። የሟች ወንድማቸውን ቤት ሲያጸዱ አልጋ ሥር የተገኘች የጭነት መኪና በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ነበር። እናቴን ትምህርት ቤት ያስተማሯት ናቸውና የወንበሩን አቧራ ጠርጋ አቀረበችላቸው። እሳቸው ይሉኝታ ይዟቸው ነበር። ምናልባት እርባና የሌላት ትሆናለች፣ ለጎረቤት ሕፃን ልሰጣት ስል ሰው ወደ እናንተ ላከኝ፣ ጊዜያችሁን ወሰድኩ፣ አሉ። ባለ ሻንጣውም እዚያው ነበር፤ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሻይ ይጠጣል።

አባቴ መኪናዋን መዘናት። ገለበጣት። ሪቬቶቹን ዳሰሰ። ጥፍሩ መጋጠሚያው ላይ ሳይደናቀፍ ተንሸራተተ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አዟዟረ። እውነተኛ ናት፣ ማንም አልነካትም፣ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

መኪናዋ አረንጓዴ ነበረች።

ሁለት አረንጓዴ ነበር ያለኝ፤ የዚች የቱ ነው? የሎሚው ቅጠል ልበል አልኩና አፌ ላይ መለስኩት። ቅጠሉ ትንሽ ይጠቁራል። አባቴ፣ አትቸኩይ፣ አለኝ። እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ። መኪናዋን ከፎጣው ላይ አንሥቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፣ በኩሽናው በር በኩል፣ እናቴ አጠገብ አልፌ። ሳፋው የልብስ ገመዱ ሥር ተቀምጧል። መኪናዋን ውስጡ አስቀመጥኳት። እንደ ስኳር ውኃ ውስጥ ሟሟች፤ የቷ መኪናዋ የቱ ሳፋው እንደሆነ ዓይኔ መለየት አቃተው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አንደኛ ወጥቻለሁ።

ተመልሼ ስገባ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር።

«የሳፋው ነው አባዬ። ሳፋው ውስጥ አስቀምጬ አየሁት። ቁርጥ እሱ ነው።»

አባቴ እጁን ዘረጋ፤ መኪናዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ለአስተማሪዋ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ይህቺ ከመጀመሪያዎቹ ናት፣ ዕድሜዬን ሁሉ ስፈልጋት ኖሬአለሁ፣ ለሕፃን ሰጥተዋት ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው፣ አላቸው። ዋጋውን ሲነግራቸው ቆመው ነበርና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ወንድማቸውን በስሙ ጠሩት።

ባለ ሻንጣው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። መኪናዋን አየ። አባቴን አየ። እኔን አየ። ከዚያ አንድ ያልገባኝ ነገር አደረገ፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ በአባቴ ፊት፣ ከአፍንጫው ስንዝር በማይርቅ ቦታ፣ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። ዝንብ ሊያባርርለት መስሎኝ ዝንቡን በዓይኔ ፈለግኩት። ዝንብ አልነበረም። አባቴ አስተማሪዋ ወዳሉበት አቅጣጫ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ባለ ሻንጣው እጁን አወረደ። እገዛታለሁ አለ። አባቴ ባለው ዋጋ፣ አንዲት ቃል ሳይከራከር፣ ጥርሱን ሳያስነቅል። ገንዘቡን ለአስተማሪዋ አቀበላቸውና መኪናዋን ስፖንጁ ላይ አስተኛት። ሲወጣ «ኢንስፔክተር» አላለኝም። ያንን ብርቅ መኪና ከአባቴ እጅ ነጥቆ መሄዱ ስላሳፈረው ነው ብዬ ተርጎምኩት። ሌባ አልኩት በልቤ።

ማታውን እናቴ ጓሮ ወጥታ ሳፋውን ስታገላብጥ አየኋት። በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ፊቱን ሊታጠብ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ፎጣ ይዛ አጠገቡ ቆመች። እኔ ጥርሴን እየፋቅኩ ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ይሄ ሳፋ ያኛው አይደለም» አለችው።

«የቱ?»

«አሮጌው ተሰነጠቀ። ሁለት ወር ሆነው። ሳፋ ነው ብዬ… አልነገርኩህም።»

የአባቴ እጆች ውኃው ውስጥ ቆሙ።

«ቀለሙስ?»

«አረንጓዴ ነው። ያው አረንጓዴ።»

«ምን ዓይነት አረንጓዴ?»

ለቀለም የቤት ስም የሰጠነው እኔና እሱ ነን፤ እናቴ ቋንቋውን አታውቀውም። ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺ ንገሪው አለችኝ። ያለ ጠረጴዛ፣ ያለ ፎጣ ፈተና ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። አረፋውን ተፋሁና አፌን ሞልቼ መለስኩ። እንደ ሎሚ ቅጠል ሆኖ ትንሽ ይበራል። ከአሮጌው ጋር አንድ ነው ወይ ሲለኝ፣ ኧረ አይገናኝም፣ አሮጌውማ አመድ የነካው ነበር፣ አልኩት። ማስታወሴ አኮራኝ።

አባቴ ፊቱን ሳፋው ውስጥ ነከረና እዚያው ቆየ። ትንፋሹን እየያዘ መስሎኝ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ቀና ሲል ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። ሳሙና ገብቶበት ነው አልኩ። ስድሳ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያንን ሳፋ በሁለት እጁ ይዞ ውኃ ሲቀዳበት፣ ውስጡ ሌላ ቀለም እንዳለ አለማወቁን እያሰበ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ሃያ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ስለነበር ሃያ ሰባት አልኩት።

ጢሙን ተላጨ። ኮቱን ለበሰ። ከግራው መሳቢያ መጫወቻ አምቡላንሷን አወጣ። ነጭ ናት፤ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛት፣ ከነካርቶኗ ያለች፣ ከእሱ በቀር ማንም የማይነካት። እናቴ እኔ ልምጣ ስትለው፣ አይሆንም፣ ሁለት ሰው ይዞኝ ሲሄድ መንደሩ ምን ይላል አላት። ከዚያ ለእኔ «እጅሽን ስጪኝ» አለኝ።

ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ እጄን ይዞኝ አያውቅም። አንደኛ ስለወጣሁ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። መንገዱን ሁሉ ይጠይቀኛል። ቦዩ ደረሰ? ክዳን አለው? ከፊታችን የሚመጣው ሰው ነው ብስክሌት? እኔም አዲስ ፈተና፣ የመንገድ ፈተና፣ መጀመራችን ነው ብዬ አንድም ሳላጎድል እመልሳለሁ። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። ሁለት ጊዜ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቃቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከባድ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ።

የባለ ሻንጣው ሱቅ ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ እስከ ጣሪያው መደርደሪያ ነው። የአስተማሪዋን መኪና ወዲያው አየኋት። ብርቅ ዕቃ በሚቀመጥበት መስታወት ውስጥ አልነበረችም፤ በር አጠገብ፣ ሕፃናት በሳንቲም የሚገዟቸው ጎማቸው የወለቀ መኪኖች መሐል ነበረች። በንቀት ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

ባለ ሻንጣው ሲያየን ብድግ አለ። እንዴት እንደመጣን አልጠየቀም። የተያያዙትን የእኔንና የአባቴን እጅ አየ።

«ቀለሟን እያየህ ነው የገዛሃት» አለ አባቴ።

«ልጅህ ቆማ ነበር።»

በእኔ ማላከኩ ነው ብዬ ከአባቴ ኮት ጀርባ ሆኜ አፈጠጥኩበት።

«እዘንልኝ አላልኩህም» አለ አባቴ።

«አላዘንኩልህም። ምን ላድርግ ታዲያ፤ በእሳቸው ፊት፣ በዚች ሕፃን ፊት አፌን ልክፈት? ሴትዮዋ ወንድማቸውን ሲጠሩት አልሰማህም?»

«እኔ የምሸጠው ሌላ ምን አለኝ? ቃሌን ነው። እሱን ገዝተህ በር ሥር ጣልከው።»

መኪናዋ የት እንዳለች እንዴት አወቀ? ከዓመታት በኋላ ነው የገባኝ፤ አላወቀም ነበር። እንዲያው በግምት ተናግሮ ልክ ሆነ። ባለ ሻንጣው ግን ደነገጠ፤ ወደ በሩ ዞሮ አየ።

አባቴ አምቡላንሷን ከካርቶኗ አወጣ። ይህቺን ያዝ፣ ዋጋዋ ይበልጣል እንጂ አያንስም አለው። ባለ ሻንጣው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። አልይዝም፣ በስተርጅና አታጣላን፣ አለ። አባቴ፣ እንግዲያው እዚህ አኖራታለሁ፣ አለና ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጣት እጁን ዘረጋ፤ ለቀቃት።

አምቡላንሷ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ነጠረችና በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ጎማዎቿ እየዞሩ።

እንደዚያ ቀን በአባቴ ኮርቼ አላውቅም። ለሌባው እግሩ ሥር ወረወረለት አልኩ። ትምህርት ቤት ሄጄም እንደዚያ ነው ያወራሁት፤ በእግሩ ሥር ወረወረለት ብዬ፣ እጄን እየወነጨፍኩ፣ ለሳምንት። የጠረጴዛው ጠርዝ አባቴ ካሰበው ቦታ በአራት ጣት ይርቅ ነበር። ያንን አይቻለሁ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ እጁ ባዶው አየር ላይ ስትከፈት። አይቼም ሌላ ነገር አየሁ።

ባለ ሻንጣው ጎንበስ ብሎ አነሣት። በአውራ ጣቱ ጠረጋት፤ ቶሎ ብሎ «ምንም አልሆነችም» አለ።

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ሚጣ።»

እውነት ከመናገር ሌላ ምን ተምሬአለሁ? «ኮፈኗ ላይ ተልጧል» አልኩ። «ጣሪያዋም፣ ጥጉ ላይ። ሁለት ቦታ።»

«ከሥሩ ምን ይታያል?»

«ብረቱ። እንደ ማንኪያ።»

«ጎበዝ» አለኝ። ድምፁ የወትሮው ነበር። ባለ ሻንጣው ወደ መደርደሪያው ዞሮ ጀርባውን ሰጠን፤ አምቡላንሷን ጨብጦ እንደያዘ። ሌላ አመጣልሃለሁ አለው አባቴ። አታምጣ አለ ባለ ሻንጣው ሳይዞር። አመጣለሁ አለ አባቴ። ካርቶኑን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

ስንመለስ ምንም አልጠየቀኝም። ቦዩ ጋ ስንደርስ ራሴው ነገርኩት፣ ሳይጠይቀኝ። ዋናውን መንገድ ተሻገርን። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰፈራችን ነው፤ የእንጨት መሰንጠቂያው ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ክዳኑ እዚህም እዚያም የጎደለ ሌላ ቦይ፣ ከዚያ ጥምዝ ብሎ ቤታችን። ግንቡ መካከል ላይ አባቴ ቆመ። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ።

«ሚጣ፣ ፈተናው አልቋል» አለኝ።

«አለቀ?»

«አለቀ። ከእንግዲህ ቀለም አልጠይቅሽም። ልጅ ነሽ፣ ሂጂ ተጫወቺ።»

«ወድቄ ነው?»

አባቴ እጄን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳመው። «አንደኛ ነው የወጣሽው» አለኝ።

ብዙ ዓመት ይህንን ቃል አላምጬዋለሁ። ያ የቀለም ቋንቋ የቤታችን እንጀራ ነበር፤ ያለ እኔ ዓይን ከዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን መዋል እንደማይችል ያውቃል። ባለ ሻንጣው ለማንም አልተነፈሰም፤ በስተኋላ ሲሞት እንኳ ይዞት ሞተ። አባቴ ከፈለገ ሌላ ሳፋ፣ ሌላ በር፣ ሌላ ብርድ ልብስ እያስመረጠኝ መቀጠል ይችል ነበር። አልፈለገም። የወደቀውን ሁሉ በራሱ ስም ጻፈና እኔን አንደኛ አወጣኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እናቴ የሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች።

እኔ የሰማሁት ግን «አንደኛ» የሚለውን ብቻ ነው። ዘለልኩ። ለእናቴ በመጀመሪያ ልንገራት አልኩና እጄን ከእጁ መዝዤ ሮጥኩ። በግንቡ ሥር፣ የጎደሉትን ክዳኖች እየዘለልኩ፣ ጫማዬ እየተንጣጣ። ጥምዙ ጋ ስደርስ ወደ ኋላ አየሁ። አባቴ እንደተውኩት ቆሟል። አንድ እጁን ግንቡ ላይ አሳርፏል፤ ሌላው፣ የኔ እጅ የነበረበት፣ ገና ትንሽ ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነው። አልጠራኝም። ቢጠራኝ እሰማው ነበር፤ ድምፁ ሩቅ የሚሄድ ሰው ነው።

እናቴ ጓሮ ልብስ ከገመዱ ላይ ታወርዳለች። አልፌአለሁ፣ አንደኛ ወጥቻለሁ፣ አባዬ ነው ያለው፣ አልኳት፤ ቀሚሷን እየጎተትኩ። ከኋላዬ ወደ በሩ ተመለከተች።

«አባትሽስ?»

«እየመጣ ነው።»

«ማን ይዞት?»

ጥያቄው አልገባኝም። ትልቅ ሰው ምን አስያዘው?

«ማንም። ብቻውን ነው» አልኳት።

ያወረደችውን ልብስ ሁሉ መሬት ላይ ለቀቀችው። አንዱ ጫማዋ ደፉ ላይ ወልቆ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። በሩን ሳትዘጋ ሮጣ ወጣች፤ እናቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ደስታው ነው ያስሮጣት ብዬ ወደ መንገድ ዳሯ ክፍል ገባሁ። የአባቴን ወንበር ስቤ ወጣሁበት፣ ፀጉሬን በእጄ አስተካከልኩ፣ እግሮቼን አጣምሬ ተቀመጥኩ። መጥተው እስኪያቅፉኝ ድረስ በመስኮቱ መንገዱን እያየሁ ጠበቅኳቸው።